የተሰጠ ቃል ባለቤት

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምንጾመው ጾመ ነነዌ፣ ልብ ብሎ ላስተዋለው ሰው፣ ከሌሎቹ አጽዋማት የሚለይበት አንድ እንግዳ ነገር አለው፤ ይኸውም ነቢይ ተልኮ፣ አዋጅ ተነግሮ፣ ጥፋቷ የተቈረጠባት ከተማ ሳትጠፋ የቀረችበትን፣ እግዚአብሔርም አደርገዋለሁ ያለውን ሳያደርግ የተወበትን ነገር በምስጋና የምናስብበት መሆኑ ነው። ዮናስ በዚህ ተቈጥቶ ከከተማይቱ ወጥቶ በቅል ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቍጣውን ብዙ ሰባክያን የልብ ጭካኔ አድርገው ሲተረጕሙት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ለነቢዩ ጥቂት አዝንለታለሁ፤ ያነሣው ጥያቄ የዋዛ አልነበረምና። ቃሉን ያጠፈ ሰው ቃለ ዐባይ ተብሎ ምስክርነቱ ከሸንጎ የሚጣል ከሆነ፣ የተናገረውን ያልፈጸመ አምላክ ስለ ምን ይመሰገናል?

በአዲስ አበባ ምዕራብ ኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ መሸሽ ያስቸግረዋል፤ ክፍለ ከተማው በግማሽ ስሙ የሚጠራበት የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚያሳስበው ኮረብታ የስቅለት ቦታ ብቻ ሳይሆን ቃል የተሰጠበትም ቦታ ነውና። እጁና እግሩ የተቸነከረ፣ በልብሱ እንኳ ወታደሮች ዕጣ የተጣጣሉበት፣ በሥጋ ዐይን ሲታይ የሚሰጠው አንዳች ነገር ያልቀረለት ጌታ፣ ለፈያታዊ ዘየማን በዚያው ዕለት ከእርሱ ጋራ በገነት እንደሚሆን ቃል ሰጠው። ወንበዴው ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚሞት ነውና፣ ቃሉ ቢታጠፍ ዳኛ ፊት የሚያቆም፣ ሽማግሌ የሚልክ፣ ዋስ የሚጠራ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቃል መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት የፈለገ፣ በየወሩ በ27፣ ይልቁንም የስቅለቱ መታሰቢያ በሚውልበት በመጋቢት 27 ቀን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጥቂት ይቁም። ነጠላዋን አጣፍታ የለበሰች አንዲት እናት ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ በሁለት እጇ አቅፋ በሕዝቡ መካከል ስትመጣ፣ ዲያቆኑ ተቀብሎ በድምፅ ማጉያው ስለቷ እንደ ሰመረላት ሲናገር፣ እልልታው ከግራ ከቀኝ ሲነሣ ያያል። ያቺ ሴት ስትሳል ማንም አልሰማትም፤ ምናልባት ሌሊት በታመመ ልጅ ራስጌ ተቀምጣ በልቧ ብቻ ተናግራዋለች። ብትተወው ደግሞ በምድር ላይ የሚከሳት አልነበረም፤ ጥላውም፣ እንደማየው፣ ከወር ገቢዋ በላይ የሚያወጣ ነው።

ወደ አጠና ተራ ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ባሕር ዛፍ ነው የሚሸጠው፤ አጠናው፣ ቋሚው፣ ማገሩ በየዐይነቱ በግንብ ላይ ተደግፎ ቆሞአል፤ «ወላሂ» የሚለውና «ማርያምን» የሚለው ጎን ለጎን ሆነው ይነግዳሉ። አንድ ጊዜ አንድ አናጢ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጋራ ዋጋ ቈርጦ፣ ጥቂት ብር ቀብድ አስይዞ፣ መኪና ሊያመጣ ሄደ፤ እርሱ ከሄደ በኋላ ሌላ ገዢ መጥቶ በዚያው እንጨት ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ጨመረ። ሽማግሌው «የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው» አሉ። ገዢው እንጨቱን በእጁ እየነካ፣ «ኧረ ይኸው እዚህ ቆሞ! ለማን ነው የሚሉኝ?» ቢል፣ አጠገባቸው የነበረው ጎረምሳ ነጋዴ ሣቀና፣ «ሐጂ፣ ቀብዱን እጥፍ አድርገው ይመልሱለትና ይሽጡት እንጂ፤ ሕጉም እኮ እንዲሁ ነው የሚለው» አላቸው። ጎረምሳው አልተሳሳተም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1885ኛው አንቀጽ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ ደንግጎአል፤ ይህ ማለት ሕጉ ቃል ለማጠፍ ዋጋ ተመነለት ማለት ነው። ሽማግሌው ግን እንጨቱን አልሸጡም፤ ምክንያታቸውንም አላብራሩም፤ «የሰው ነው» ያሉትን ደግመው ዝም አሉ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ ባገላብጥ ከዚህች «የሰው ነው» ከምትለው ቃል የተሻለ ፍልስፍና አላገኘሁም። ካንት የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ እንደማይከፍል እያወቀ እከፍላለሁ ብሎ የሚበደር ሰው ሥራው ክፉ የሚሆነው፣ የእርሱ አካሄድ ለሁሉ ሕግ ቢሆን የተስፋ ቃል የሚባል ነገር ራሱ ከዓለም ስለሚጠፋ ነው ብሎ ያስተምራል። ትምህርቱ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን ፈላስፋው የሚመረምረው የተናጋሪውን ልቡና ሲሆን፣ የተበዳሪውን ቃል ተቀብሎ በተስፋ ቤቱ የገባውን ሰው እምብዛም አይመለከተውም። የአጠና ተራው ሽማግሌ ግን ዐይናቸውን የጣሉት መኪና ሊያመጣ በሄደው አናጢ ላይ ነው። ቃል ከአፍ እስኪወጣ የተናጋሪው ነው፤ ከወጣና ሌላው ከተቀበለው በኋላ የተቀባዩ ንብረት ነው፤ ስለዚህ ሊመልሰው የሚችል እርሱ ብቻ ነው፤ ተናጋሪው በገዛ እጁ መልሶ ቢወስደው ግን የሰው ገንዘብ መውሰድ ይሆንበታል።

በዚህ ዐይን ሲታይ የዮናስ ጥያቄ ይፈታል። ለነነዌ የተነገራት ዛቻ እንጂ ኪዳን አልነበረም፤ ዛቻ ደግሞ ተቀባይ የለውም፤ ማንም ጥፋቱን እንደ ሀብት በእጁ ይዞ የሚጠብቅ የለምና፣ ዛቻው ሲቀር የሚበደል፣ ገንዘቤ ቀረብኝ ብሎ የሚጮኽ አይኖርም። የቍጣ ቃል እስከ መጨረሻው የተናጋሪው ንብረት ሆኖ ስለሚኖር፣ ተናጋሪው ሲምር የገዛ ራሱን ብቻ ነው የሚተው። ነቢዩ የሳተው ዛቻን እንደ ኪዳን በመቍጠሩ ነው። ኪዳን ግን እንዴት እንደሚጸና ለማየት የካቲት 16 ቀን የምናከብረውን ኪዳነ ምሕረትን፣ በተአምረ ማርያምም የሚነበበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ማሰብ ይበቃል። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥሙ የጸና ድኻ አንድ እፍኝ ውሃ ስላጠጣ፣ በሚዛን ቀርቦ ምሕረት አገኘ። ይህን ታሪክ ፍርድን ያቃልላል ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን የታሪኩ ኃይል ያለው በውሃው ማነስ ወይም በኃጢአቱ ብዛት ላይ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑ ለእመቤታችን የተሰጠ፣ ስለዚህም የእርስዋ የሆነ በመሆኑ፣ ሰማይና ምድርን የፈጠረው ፈራጅ እንኳ ሁኔታው ከባድ ሆነ ብሎ መልሶ ያልወሰደው በመሆኑ ነው።

ይህ ከሆነ፣ የተሰጠ ቃል ሁሉ ያለ ልዩነት ይፈጸም ማለት ነውን? አይደለም፤ ንብረትን የሚመለከተው ሕግ ራሱ ወሰን ያበጅለታል፤ ሰው የእርሱ ያልሆነውን መስጠት አይችልምና። አዲሱን ዓመታችንን ቅዱስ ዮሐንስ ብለን የምንጠራው፣ በማግሥቱም፣ በመስከረም 2 ቀን፣ ራሱ የተቈረጠበትን ዕለት የምናስበው መጥምቁ፣ የሞተው በታጠፈ ቃል ሳይሆን በተፈጸመ ቃል ነው። ሄሮድስ በልደቱ ግብዣ ላይ ለዘፈነችለት ብላቴና የለመነችውን ሁሉ፣ እስከ መንግሥቱ እኩሌታ ድረስ እንኳ ቢሆን፣ ሊሰጣት ማለ፤ የዮሐንስን ራስ በወጭት በለመነችው ጊዜም አዘነ፤ ነገር ግን ስለ መሐላውና ስለ ተጋባዦቹ ሲል ፈጸመው። የሰው ነፍስ የሄሮድስ አልነበረችምና ቃሉ ከመጀመሪያው ባዶ ነበር፤ ባዶ ቃልን በደም መሙላት ታማኝነት አይባልም። ዮፍታሔም እንዲሁ ነው፤ ከድል ሲመለስ ከቤቱ ደጃፍ ሊቀበለው የሚወጣውን ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ሊያደርግ ተስሎ፣ አንዲት ልጁ ከበሮ ይዛ ወጣች። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ተረታችን ለመኳንንቱ ክብር መለኪያ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሮአል፤ እኔም ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን ተረቱን የዮፍታሔ ልጅ ቆማ ብትሰማው ምን ትል ነበር ብዬ ማሰቤን ልተው አልቻልሁም። በኮልፌ ከሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንድ ዐዋቂ ሸኽ በሄሮድስ ግብዣ ላይ ቢገኝ ኖሮ ምክሩ ባጠረ ነበር፤ በቁርኣን እንደ ተደነገገው መሐላውን ያፈረሰ ሰው ዐሥር ድኾች ያብላ ወይም ያልብስ ወይም ባሪያ ነጻ ያውጣ፣ ይህን ካላገኘ ሦስት ቀን ይጹም፤ ከማለበትም ነገር የሚሻል ነገር ያገኘ የተሻለውን ያድርግና ከፋራውን፣ ማለትም የመሐላውን ማካካሻ፣ ይክፈል። ዐሥር ድኾች ጠግበው በበሉ፣ መጥምቁም በተረፈ።

ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የሚያስጨንቀው ግን የገዛ አገራችን ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ የሆነውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው፣ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት ሾመውለት፣ መኳንንቱ ይህን እንዲጠብቁ በመሐላ አሰሯቸው፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በግዝት አጸኑት። በዚያ ቃል ላይ ከተደረቡት እርግማኖች አንዱ፣ ከዳተኛው ጥቁር ውሻ ይውለድ የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በበዓለ መስቀል፣ መኳንንቱ በቤተ መንግሥት ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሃይማኖቱን ለውጦአል በሚል ክስ ሊያወርዱት በተነሡ ጊዜ፣ በመንገዳቸው ላይ የቆመው ዕንቅፋት የጦር ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ያ መሐላ ነበር። ሁሉም በአንደበታቸው ምለዋል፤ ሁሉም ግዝቱን ሰምተዋል። አቡኑ በመጀመሪያ እንዳመነቱ ይተረካል፤ በመጨረሻ ግን ግዝቱን ፈቱ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ሲነገሩ እሰማለሁ፤ እነርሱም ግዝትና መሐላ ናቸው። ግዝት የጳጳሱ ቃል ነው፤ ይህን ብታፈርስ እንዲህ ያግኝህ የሚል ዛቻ ነው፤ ዛቻም፣ ስለ ነነዌ እንዳልነው፣ የተናጋሪው ንብረት ስለሆነ፣ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የተሰጣቸው አባት ሊፈቱት መቻላቸውን የሚጠራጠር የለም። መሐላው ግን የአቡኑ አልነበረም። መኳንንቱ የሰጡት ለምኒልክና ለልጅ ኢያሱ ነው፤ አንደኛው ባለቤት በመቃብር ነው፤ ሁለተኛው በሕይወት አለ፤ በዚያን ዕለት በሐረርጌ ነበረ፤ ቃላችሁን መልሼላችኋለሁ እንዲል የጠየቀው የለም። ስለዚህ ቅጣቱ ተፈታ እንጂ ዕዳው ተፈታ ለማለት እቸገራለሁ። የተሰበሰቡት ሊቃውንት ይህን ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም፤ የያዙትም መከራከሪያ ሌላ ነው፤ ይኸውም መሐላው የተሰጠው ለክርስቲያን አልጋ ወራሽ ነበረ፣ እርሱ ሃይማኖቱን በተወ ጊዜ ቃሉ ማንም ሳይነካው በራሱ ወደቀ የሚለው ነው። መከራከሪያው እንደ መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ በጋብቻም በጓደኝነትም ሳይነገር የሚታወቅ ብዙ ውል አለና። ግን ልጅ ኢያሱ በእውነት ሃይማኖቱን ለውጦ ነበርን? ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር በአንድ ጉባኤ፣ ተከሳሹ ሳይቆም፣ ጠበቃም ሳይቆምለት ተቈረጠ፤ በአንዲት በግ የተካሰሱ ባላገሮች እንኳ ከዛፍ ሥር ፊት ለፊት ቆመው በሚሟገቱባት አገር!

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል፣ እርሳቸው ራሳቸው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ ሰው፣ የወሎን ጦር ይዘው ወጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በአንድ ቀን ያለቀውን ሰው ብዛት ማሰብ ይከብዳል። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ እስከ ሞተበት እስከ 1928 ዓ.ም. በእስር ኖረ። ያወረዱት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም፤ አገር ሊፈርስ ነው ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው ቃሉን ለማጠፍ የሚገደድበት ጊዜ ይኖራል። ነገር ግን ቃሌን አጠፍሁ፣ ዕዳውም በእኔና በልጆቼ ላይ ነው ብሎ በሚያጥፍና፣ ቀድሞም ቃል አልነበረብኝም፣ ተፈቶልኛል ብሎ በሚያጥፍ መካከል ሰፊ ገደል አለ፤ ፊተኛው ቢያንስ ባለ ዕዳ መሆኑን ያውቃል፤ ሁለተኛው ዕዳውን ከነመዝገቡ አቃጥሎአል። በ1909 ዓ.ም. የተመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ እኔም፣ ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር ሥልጣን ላይ የወጣ ሁሉ ምሎ እየገባ ምሎ እንዳልነበር የሆነው፣ ከዚያ ቀን ጥቂት ተምሮ እንዳይሆን እፈራለሁ።

በግድ የተወሰደ ቃልስ? በጣልያን ወረራ ዘመን ቀን ለጠላት እጅ ነሥተው፣ ሌሊት ስንቅና ጥይት ወደ ዱር የሚልኩ የውስጥ አርበኞች ነበሩን፤ ባንዲራው ሥር ቆመው የተናገሩትን የመገዛት ቃል እንዳፈረሱ አድርጎ የከሰሳቸው ቄስ በንስሐ ጊዜም ቢሆን መኖሩን አልሰማሁም። ጠመንጃ ተደግኖባቸው ነበርና ቃሉን አልሰጡም፣ ተቀሙ እንጂ፤ የተቀማም ንብረት ለቀማኛው ባለቤትነት አያስገኝም። የበለጠ ረቂቅ የሆነው ጉዳይ፣ በግድ ሳይሆን በማባበል፣ በነጻነት ዋጋ የሚጠየቀው ቃል ነው፤ ለዚህም ምሳሌው፣ እንደ አጋጣሚ፣ በዚሁ በኮልፌ ያለፈ ሰው ነው።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ ኮልፌ፣ ወደ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ገብቶ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ የበላይ ጠባቂነት የወታደር ትምህርት ተማረ፤ መተኮስን፣ ፈንጂ ማጥመድን፣ ስንቅ ተሸክሞ በተራራ መጓዝን በእነዚህ በምናያቸው ኮረብቶች ላይ ተለማመደ። ስድስት ወር እንዲቆይ ታስቦ የነበረው ትምህርት ሳይፈጸም የትግል ድርጅቱ ስለ ጠራው ተመለሰ፤ ሐምሌ 29 ቀን በዚያው ዓመት በአገሩ በደቡብ አፍሪካ ተያዘ። ከ22 ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ የአገሩ ፕሬዚዳንት ቦታ የጦር ትግልን እተዋለሁ ብሎ ቃል ከገባ እንደሚፈታው በምክር ቤት አስታወቀ። መልሱን የካቲት 3 ቀን በሶዌቶ ስታዲየም ለተሰበሰበው ሕዝብ ያነበበችው ልጁ ዚንዚ ናት፤ እርሱና ሕዝቡ ነጻ ሳይሆኑ አንዳች ቃል ኪዳን ሊገባ እንደማይችል፣ ውል መዋዋል የነጻ ሰው ሥራ መሆኑን ነገራቸው።

ብዙዎች ይህን እንደ ጀግንነት ብቻ ያዩታል፤ ጀግንነት መሆኑም አይካድም። እኔ ግን ከጀግንነቱ ይልቅ ጥንቃቄው ይደንቀኛል። በልቡ ሳይቀበለው አዎን ብሎ ወጥቶ፣ በግድ የተወሰደ ቃል ነው በሚል ምክንያት ወደ ትግሉ ቢመለስ፣ ስለ ውስጥ አርበኞች ከላይ ያልነው ለእርሱም በተሠራ ነበር፤ የሚወቅሰውም ጥቂት ነበር። እርሱ ግን የወኅኒ ቤቱን ጌታ እንኳ በሐሰተኛ ገንዘብ ሊከፍለው አልወደደም፤ የጦሩም ትግል የእርሱ የብቻው ስላልሆነ፣ ሄሮድስ የዮሐንስን ራስ እንደ ሰጠ፣ የብዙ ሰዎችን ነገር በአንድ ፊርማ አሳልፎ ሊሰጥ እንደማይገባው ዐወቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ምንም ቃል ሳይገባ ተፈታ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ቀን፣ በፕሪቶሪያ፣ ድርጅቱ የጦር ትግሉን ማቆሙን አስታወቀ፤ ያን ጊዜ ማንዴላ ከጓደኞቹ ጋራ በነጻነት ተመካክሮ በድርድሩ ገበታ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የሰጡትም ቃል የእነርሱ የራሳቸው ነበረ።